ለጦርነት ተሠርቶ ለኢፍጣር የሚተኮሰው መድፍ

የረመዳን ወር በገባ ቁጥር በካይሮ፣ በኩዌት፣ በዱባይና በሳራዬቮ ፀሐይ ስትጠልቅ መድፍ ይተኮሳል። ድምፁን የሰማ ሰው አይሸሽም፤ አይደበቅምም። እጁን ወደ ቴምሩ ይዘረጋል፤ «ቢስሚላህ» ብሎ ጾሙን ይፈታል። ልጆች ደግሞ ድምፁን ከሌላው ሰው ቀድመው ለመስማት ከቤት ወጥተው ይጠብቃሉ።

ነገሩ ቆም ብሎ ለሚያስብ ሰው እንግዳ ነው። መድፍ ግንብ ለማፍረስና ሰው ለመግደል የተሠራ መሣሪያ ነው። ብዙ ከተማ አቃጥሏል፤ ብዙ መንግሥት ገልብጧል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ሲጾም የዋለ ሰው በናፍቆት የሚጠብቀው የማዕድ ጥሪ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው? በዛሬው የረመዳን ገጻችን ይህን ጥያቄ ይዘን የባሩድንና የመድፍን መንገድ እንከተላለን። ከቻይና ተነሥተን በሶርያና በቁስጥንጥንያ አልፈን፣ አገራችንንም ጎብኝተን፣ ካይሮና ሳራዬቮ እንደርሳለን። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞትን በመሸሽ የተገኘው ዱቄት

ባሩድን ያገኙት ወታደሮች አይደሉም። ያገኙት ላለመሞት ይፈልጉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከ618 እስከ 907 በቆየው የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ የዳኦን እምነት የሚከተሉ ቻይናውያን ቀማሚዎች ሰውን ለዘላለም የሚያኖር መድኃኒት እናገኛለን ብለው ማዕድናትን ይፈጩ፣ ይቀላቅሉና በእሳት ያበስሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥታቱም ይህን ፍለጋ ይደግፉ ነበር። ከእነርሱ መካከል ዕድሜ ይጨምራል ተብሎ የተሰጣቸውን ሜርኩሪ ያለበት ቅመም ጠጥተው የሞቱ አሉ።

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የቀማሚዎች መጽሐፍ ከአደገኛ ድብልቆች ሲያስጠነቅቅ፣ ዲንን፣ ማርንና የድንጋይ ጨው የመሰለ አንድ ነጭ ማዕድን አብረው ያሞቁ ሰዎች የደረሰባቸውን ይተርካል። ድብልቁ ጭስና ነበልባል ተፍቶ እጃቸውንና ፊታቸውን አቃጠለ፤ ይሠሩበት የነበረው ቤትም ነደደ። የዘላለም ሕይወት ፍለጋው ያልታሰበ ነገር ወልዶ ነበር። ቻይናውያን ዛሬም ባሩድን «ሁዎ ያዎ» ይሉታል። ትርጉሙ «የእሳት መድኃኒት» ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ባሩድ ሦስት ነገሮች ብቻ ይበቁታል። አንደኛው ከሰል ነው፤ ይህ የሚነደው ነው። ሁለተኛው ዲን ነው፤ ይህ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ሦስተኛውና ዋናው ፖታሲየም ናይትሬት የሚባለው ነጭ ጨው ነው። እኛ ለአነጋገር እንዲመች የባሩድ ጨው እንበለው። የባሩድ ጨው ኦክስጅን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ ድብልቁ እንዲነድ ከውጭ አየር አያስፈልገውም፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥም ይነዳል። ሲነድም በቅጽበት ወደ ጋዝ ይለወጥና መውጫ ይፈልጋል። ከብዙ ዘመን ሙከራ በኋላ የተደረሰበት ልክ ከመቶው 75 እጅ የባሩድ ጨው፣ 15 እጅ ከሰልና 10 እጅ ዲን ነው።

የመድኃኒቱ ዱቄት የጦር መሣሪያ ለመሆን ብዙ አልቆየም። በ1044 በሶንግ ሥርወ መንግሥት ትእዛዝ የተዘጋጀው የጦር ጥበብ መጽሐፍ፣ «ውጂንግ ዞንግያዎ»፣ የባሩድን አቀማመም በጽሑፍ አሰፈረ። በ1132 ደግሞ ደአን የተባለች ከተማ ስትከበብ ተከላካዮቹ በቀርከሃ ውስጥ ባሩድ ጠቅጥቀው ነበልባሉን ወደ ጠላት የሚተፋ ጦር ተጠቀሙ። ከቀርከሃው ወደ ብረታ ብረት ለመሻገር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሔይሎንግጂያንግ የተገኘውና ከ1288 አያልፍም የሚባለው የነሐስ መሣሪያ 34 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት ብቻ አለው። አንድ ሰው በእጁ ሊይዘው ይችላል። ሆኖም የመድፍ ሁሉ አያት እንዲህ ያለው ነው።

«የቻይና በረዶ»

የባሩድ ጨው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንግድ መንገዶችና በሞንጎሎች መስፋፋት ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በ1248 ደማስቆ ላይ ያረፈው የአንዳሉሱ ታላቅ የዕፅዋትና የመድኃኒት ሊቅ ኢብን አል-በይጣር ይህን ነጭ ማዕድን «የቻይና በረዶ» በሚል ስም መዝግቦታል። ፋርሶች ደግሞ «የቻይና ጨው» ይሉት ነበር። ከማን እንደተማሩ ሁለቱም አልሸሸጉም።

ከዚያው ዘመን ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሶርያዊው ነጅሙዲን ሐሰን አል-ረማህ ነው። በ1280ዎቹ ገደማ ስለ ፈረሰኝነትና ስለ ጦር መሣሪያዎች በጻፈው መጽሐፍ ከመቶ በላይ የባሩድ አቀማመሞችን ዘርዝሯል። ከድብልቆቹ ውስጥ የቻይናን ስም የሚይዙ አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባሩድ ጨውን እንዴት ማጥራት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ማስተማሩ ነው። ጨዉ በውኃ ይሟሟል፤ ይፈላል፤ የእንጨት አመድ ይጨመርበታል፤ አመዱ ሌሎቹን ጨዎች ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከዚያም ንጹሑ ውኃ ተጠልሎ እንዲረጋ ይደረጋል። ያልጠራ ጨው የአየሩን እርጥበት ስቦ ባሩዱን ያረጥበዋል። እርጥብ ባሩድ ይጨሳል እንጂ አይፈነዳም። ስለዚህ ከምድጃ አመድ የወጣው ይህ ቀላል ዘዴ ለመድፍ ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነበር።

የምንናገረው ቋንቋም የዚህ ጉዞ ምስክር ነው። «ባሩድ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ባሩድ» የመጣ ሲሆን፣ ቃሉ በመጀመሪያ የባሩድ ጨዉን ብቻ ያመለክት ነበር። በኋላ ለድብልቁ በሙሉ መጠሪያ ሆነ። «መድፍ»ም «ሚድፋዕ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ይገናኛል። ሥሩ መግፋት ማለት ነው። መሣሪያው ከሚሠራው ሥራ የተሰጠ ስም ነው፤ ባሩዱ ይነዳል፣ ጋዙ አረሩን ይገፋል።

አውሮፓም ብዙ አልዘገየችም። እንግሊዛዊው ሮጀር ቤከን በ1267 አካባቢ ስለሚፈነዳ ዱቄት ጽፏል። በ1326 ደግሞ ለእንግሊዙ አልጋ ወራሽ በተዘጋጀ መጽሐፍ ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ የመሰለ፣ ትልቅ ቀስት የሚተፋ መድፍ በሥዕል ቀርቧል። የባሩድ ጨው ከሩቅ አገር ማስመጣት ሲወደድባቸው፣ አውሮፓውያን ከከብት በረትና ከሽንት ቤት አፈር እያጠቡ ያወጡት ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚያፈሱ ባለሙያዎችም ያው ነሐስና ያው እቶን ስለነበራቸው መድፍ አፍሳሾች ሆኑ። ጦርነት ሲመጣ ደወል እየቀለጠ መድፍ ይሆን ነበር፤ ሰላም ሲመጣ ደግሞ መድፍ እየቀለጠ ደወል የሚሆንበት ጊዜ ነበር።

ሺህ ዓመት የቆመውን ግንብ ያፈረሰው

የመድፍ ኃይል ለዓለም ሁሉ የታየው በ1453 በቁስጥንጥንያ ነው። የከተማዋ የየብስ ግንብ ሺህ ዓመት ገደማ የቆመ፣ ብዙ ከበባ የመከተ ግንብ ነበር። ኦርባን የተባለ ከሃንጋሪ አገር እንደመጣ የሚነገርለት መድፍ አፍሳሽ አስቀድሞ አገልግሎቱን ያቀረበው ለከተማዋ ንጉሠ ነገሥት ለቆስጠንጢኖስ 11ኛ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የሚከፍለው ገንዘብም የሚያቀርበው ነሐስም አልነበረውም። ኦርባን ከዚያ ወጥቶ ወደ ወጣቱ የኦቶማን ሱልጣን ወደ መሐመድ 2ኛ ሄደ። ሱልጣኑ ከጠየቀው በላይ ሰጠው። ያው እጅና ያው ጥበብ ከተማዋን ሊጠብቃት ይችል ነበር፤ አፈረሳት።

በኤዲርኔ የፈሰሰው ትልቁ መድፍ ስምንት ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። የሚወረውረው የድንጋይ አረር ከ500 ኪሎ ይበልጣል። መድፉ በኤዲርኔ ሲሞከር የሆነውን የዘመኑ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ዱካስ ጽፎታል። ሱልጣኑ ከመተኮሱ በፊት በከተማው ሁሉ አዋጅ አስነገረ። ድንገት የሚሰማው ነጎድጓድ ሰውን ድዳ እንዳያደርግና ነፍሰ ጡሮችን እንዳያስወርድ ሕዝቡ አስቀድሞ እንዲያውቀው ፈለገ። ድንጋዩ አንድ ማይል ያህል በርሮ መሬት ውስጥ ተቀበረ። ይህን የዱካስ ትረካ አንባቢ በልቡ ይያዝልን። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መድፉን ወደ ቁስጥንጥንያ ለማድረስ 60 በሬዎችና 200 ሰዎች ያስፈልጉ ነበር፤ ቀድመው የሄዱ ሠራተኞችም መንገድና ድልድይ አበጁለት። ከበባው ሚያዝያ 6 ተጀመረ። ትልቁ መድፍ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መቀዝቀዝ ስላለበት በቀን ከሰባት ጊዜ ያህል በላይ አይተኩስም ነበር። ተከላካዮቹ ሌሊት ሌሊት የፈረሰውን በድንጋይ፣ በእንጨትና በአፈር ይደፍኑ ነበር። ግንቦት 29 ቀን 1453 ከተማዋ ወደቀች። ከዚያ በኋላ በየትም አገር ያለ ንጉሥ በግንብ ውፍረት ብቻ ተማምኖ መተኛት አልቻለም።

ኦቶማኖች መድፍን ይዘው ሩቅ ሄዱ። በ1463 ያው መሐመድ 2ኛ ቦስኒያን ያዘ። በ1517 ደግሞ ሱልጣን ሰሊም ካይሮን ከማምሉኮች እጅ ወሰደ። ማምሉኮች በፈረሰኝነታቸው የሚኮሩ ጀግኖች ነበሩ፤ የኦቶማን ባሩድ ግን አልቻሉትም። እነዚህን ሁለት ቦታዎች፣ ቦስኒያንና ካይሮን፣ ኋላ በሌላ ስማቸው እናገኛቸዋለን።

ባሩድ በአገራችን

ኦቶማኖች ግብፅን ይዘው ወደ ቀይ ባሕርና ወደ የመን ሲወርዱ ባሩዱም አብሮ ወረደ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአገራችን በተካሄደው ከባድ ጦርነት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ከኦቶማን ወገን ነፍጠኞችና መድፎች አገኘ። የክርስቲያኑ ንጉሥ ወገን ደግሞ በ1541 ምጽዋ በገቡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞች ተረዳ። በ1542 ወፍላ ላይ የፖርቱጋሎቹ መሪ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ተማርኮ ተገደለ። በየካቲት 1543 ደግሞ ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ በጥይት ወደቀ። የሁለቱም ወገን ባሩድ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ሬሳው ግን የዚችው ምድር ልጆች ነበር።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ መለመኑ ሰለቻቸውና በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ እናፍስ አሉ። እንደ ሱልጣን መሐመድ እርሳቸውም በእጃቸው የነበሩትን የውጭ ባለሙያዎች አሠሩ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተፈሰሰ፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ በገደል መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም በእኛ አቆጣጠር ቴዎድሮስ ሲሞቱ ሴባስቶፖል አላዳናቸውም። ዛሬም ያው መድፍ በመቅደላ አናት ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

የካይሮው ስህተት

አሁን ወደ ኢፍጣሩ መድፍ እንምጣ። ጾመኛ ሰው ፀሐይ እንደጠለቀች ጾሙን መፍታት እንጂ ማዘግየት አይወደድለትም። ስለዚህ የጀንበሯን መጥለቅ በትክክል ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ሰዓት፣ በየመስጊዱም ድምፅ ማጉያ አለ። ድሮ ግን ሙአዚኑ ከሚናሬት ላይ በገዛ ጉሮሮው የሚያሰማው አዛን በሰፊ ከተማ ውስጥ ለሁሉም ጆሮ አይደርስም ነበር። ከተማው ጫጫታ ነው፤ ነፋስም አለ።

ካይሮዎች የመጀመሪያውን የኢፍጣር መድፍ በሚመለከት ሦስት ታሪክ ይነግራሉ። አንደኛው ከ1461 እስከ 1467 የገዛውን የማምሉክ ሱልጣን ኹሽቀደምን ያነሣል። ሱልጣኑ አዲስ መድፍ ሲያስሞክር ተኩሱ በረመዳን ልክ ከመግሪብ ሰዓት ጋር ገጠመ። ሕዝቡ ለጾም መፍቻ ሆን ተብሎ የተተኮሰ መሰለውና ሊያመሰግን ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደ። ሁለተኛው ታሪክ ነገሩን ከ1805 ጀምሮ ግብፅን ወደገዛው ወደ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ዘመን ያመጣዋል፤ እዚያም ሙከራ ላይ የነበረ አዲስ መድፍ ነው የተኮሰው። ሦስተኛው በ1863 ሥልጣን በያዘው በኬዲቭ እስማኤል ዘመን ነው። ወታደሮች መድፍ ሲያጸዱ አንድ ጥይት አመለጣቸው፤ ሰዓቱም የመግሪብ ሰዓት ነበር። ሕዝቡ በጣም ተደሰተ። የኬዲቩ ልጅ ፋጡማ ይህን ስትሰማ መድፉ በየዕለቱ ለኢፍጣር እንዲተኮስ አስደረገች ይባላል። መድፉም እስከ ዛሬ «ሐጃ ፋጡማ» እየተባለ ይጠራል።

በሦስቱም ትረካዎች አንድ ነገር አይለወጥም። መድፉን ለኢፍጣር የሰጠው ንጉሥ ወይም ጄኔራል አይደለም። ተኩሱ ስህተት ወይም ሙከራ ነበር። የሰማው ሕዝብ ግን በጎ አድርጎ ተረጎመው። ገዢዎቹ ሕዝቡ የሰጠውን ትርጉም ተቀበሉ። ካይሮዎች ስለዚህ መድፍ ሲተርኩ የሚወዱት ይህን ይመስለናል።

የኬዲቭ እስማኤል ስም ለእኛም አዲስ አይደለም። ያው ኬዲቭ በ1875 እና በ1876 በመድፍ የታጠቀ ሠራዊቱን ወደ አገራችን ልኮ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጉንደትና በጉራዕ ድል አደረጉት፤ ከተማረከው መሣሪያም መድፍ ይገኝበት ነበር። ሐረርም ከ1875 እስከ 1885 በግብፆች እጅ ቆይታለች። በአንድ ገዢ ዘመን አንዱ መድፍ ጉራዕ ላይ ሰው ሲገድል፣ ሌላው ካይሮ ላይ ሰው ወደ ማዕድ ይጠራ ነበር ማለት ነው።

መድፉ የሚተኮስበት የሰላሐዲን ግንብም የራሱ ትዝታ አለው። ሰላሐዲን አዩቢ በ1176 ግንባታውን ያስጀመረው ካይሮን ከመስቀል ጦረኞች ለመከላከል ነው። በ1811 ደግሞ ሙሐመድ ዐሊ የማምሉክ አለቆችን ለግብዣ ጠርቶ እዚያው አስጨረሳቸው። ከዚሁ ግንብ በረመዳን ምሽት የሚወጣው ድምፅ ግን የእውነተኛ ግብዣ ድምፅ ነው።

ለኢፍጣር የሚተኮስ መድፍ አሠራሩ ከጦር መድፍ አይለይም። ባሩዱ አለ፣ እሳቱ አለ፣ አፈሙዙም ያው ነው። የሌለው አረሩ ብቻ ነው። የሚገፋው ነገር የሌለው ጋዝ በአፈሙዙ ወጥቶ አየሩን ይመታል፤ ያ ምት ድምፅ ይሆናል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከግንቡ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው ከሦስት ሴኮንድ በኋላ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ደግሞ ከ15 ሴኮንድ በኋላ ይሰማዋል። ጾሙ በከተማው ላይ እንደ ማዕበል ከግንቡ እየራቀ ይፈታል።

ሬዲዮ ሲመጣ የመድፉ ድምፅ ወደ ገጠሩም ደረሰ። «የኢፍጣር መድፍ፣ ተኩስ!» የሚለው ጥሪ በግብፅ ቤቶች ከሾርባው ሽታ ጋር የማይለያይ ሆነ። የግንቡ መድፍ 30 ዓመት ያህል ዝም ካለ በኋላ በ2021 ታድሶ እንደገና ተተኩሷል።

ልማዱ ከካይሮ ርቆ ተሰራጭቷል። መካ ውስጥ ለረመዳን መድፍ ይተኮስበት የነበረው ተራራ ስሙ «የመድፎች ተራራ» ሆኖ ቀርቷል። በኩዌት ከናይፍ ቤተ መንግሥት ይተኮሳል። በዱባይ ፖሊስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህን ሥራ ይዞታል፤ የኢድ መግባት ሲረጋገጥም መድፉ ያስታውቃል። በነዚህ ከተሞች ምግብ አብስለው፣ ማዕድ ዘርግተው ያንን ድምፅ ከሚጠብቁት መካከል በሥራ የሄዱ ብዙ እህቶቻችን አሉ። ድምፁን ሲሰሙ ቴምር ያነሣሉ፤ ልባቸው ግን ወሎ፣ ጅማ ወይም ባሌ ባለ ማዕድ ላይ ነው።

የሳራዬቮ ሁለት ድምፅ

ይህ ታሪክ ከሁሉም በላይ የሚከብደው በቦስኒያ ዋና ከተማ በሳራዬቮ ነው። ከተማዋ በተራሮች መካከል ያለች ናት። በ1697 የኦስትሪያው ልዑል ዩጂን ወርሮ አቃጥሏት ነበርና፣ ኦቶማኖች ከ1727 እስከ 1739 ባለው ጊዜ ከአሮጌው ሰፈር በላይ ካሠሯቸው መከላከያዎች አንዱ «ቢጫው ምሽግ» የሚባለው ነው። በረመዳን የኢፍጣር መድፍ ከዚሁ ምሽግ ላይ መተኮስ የከተማዋ የቆየ ልማድ ሆነ።

ሚያዝያ 1992 ሌላ መድፍ መጣ። የቦስኒያ ሰርቦች ጦር ተራሮቹን ይዞ ከተማዋን ከበበ። ከበባው እስከ የካቲት 29 ቀን 1996 ድረስ 1,425 ቀናት ቆየ። መብራት፣ ውኃና ምግብ ተቋረጠ። ሰው ውኃ ለመቅዳት ሲወጣ፣ ዳቦ ለመግዛት ሲሰለፍ፣ ልጆች በበረዶ ላይ ሲጫወቱ ከተራራው በሚወርድ ተኩስ ተገደሉ። የካቲት 5 ቀን 1994፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ማርካሌ በተባለው ገበያ መሐል አንድ የሞርታር ጥይት ወድቆ 68 ሰዎችን ገደለ። ለረመዳን የሚሆን ነገር ፍለጋ የወጡም በመካከላቸው ሳይኖሩ አይቀሩም።

በ2012 ከበባው የተጀመረበት 20ኛ ዓመት ሲታሰብ በከተማዋ ዋና መንገድ ላይ 11,541 ቀይ ወንበሮች በሰልፍ ተደረደሩ። እያንዳንዱ ወንበር በከበባው ለሞተ አንድ ሰው ነበር። ከወንበሮቹ ውስጥ ትንንሾቹ የልጆች ነበሩ። ማንም አልተቀመጠባቸውም።

ከበባው ከተነሣ በኋላ፣ በ1997፣ ሳራዬቮ የኢፍጣር መድፏን እንደገና መተኮስ ጀመረች። ይህን ውሳኔ ለመገመት እንሞክር። ለአራት ዓመት ያህል ፍንዳታ ሲሰማ ወደ ምድር ቤት የሮጠ ሕፃን በዚያች ከተማ አለ። ነጎድጓድ ሲመጣ እንኳ የሚንቀጠቀጥ አዋቂ አለ። ሰዎች እንዲህ ባለ ከተማ መድፍ በገዛ ፈቃዳቸው እንዲተኮስ መረጡ። ዛሬ በረመዳን ምሽት ብዙ ሰው ልጆቹን ይዞ፣ ዳቦና ቴምር ቋጥሮ ወደ ቢጫው ምሽግ ይወጣል። በሣሩ ላይ ይቀመጣል። ከታች በከተማዋ ሁሉ የሚናሬት መብራቶች ሊበሩ ሲሉ ሁሉም ፀጥ ይላል። ርችት የመሰለው ተኩስ ወደ ሰማይ ይወጣና ይፈነዳል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ያጨበጭባሉ።

እዚህ ላይ ዱካስ የጻፈውን እናስታውስ። በኤዲርኔ መድፉ ከመተኮሱ በፊት አዋጅ የተነገረው ነፍሰ ጡሮች እንዳይደነግጡ ነበር። በሳራዬቮ ደግሞ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ መድፉ ይወጣሉ። በሁለቱ መካከል ባሩዱ አልተለወጠም። ከሰሉ፣ ዲኑና ነጩ ጨው ዛሬም እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ሰው ከባሩዱ ፊት የሚያስቀምጠው ነገር ነው።

አረሩን ማን ያወጣዋል?

ይህን ጽሑፍ የድል ዜና አድርገን ብንጨርሰው ደስ ባለን። ነገር ግን በዚህ ዘመን ሁለቱን ድምፆች በአንድ ምሽት የሰሙ ጾመኞች አሉ። በጎረቤታችን በሱዳን ጦርነቱ የተጀመረው ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ነው። ቀኑ የረመዳን 24ኛ ቀን ነበር። ካርቱም ኢድ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ጾሟን በከባድ መሣሪያ ድምፅ መካከል ፈታች። ከዚያ የሸሹ ብዙ ሱዳናውያን በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ገብተዋል። በጋዛም በ2024 ረመዳን የገባው በፍርስራሽ መካከል ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የመግሪብ ሰዓት ፍንዳታ የማዕድ ጥሪ አልነበረም።

ጾመኛ ሰው ቢሰደብና ቢጋፉት እንኳ ጾመኛ መሆኑን ተናግሮ እንዲያልፍ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። እጁ መመለስ እያቻለው ይተወዋል። አረር የሌለው መድፍም እንዲሁ ነው። መግደል የሚችል መሣሪያ ነው፤ ድምፁን ብቻ ያሰማል፤ ያም ድምፅ ለተራበ ሰው ደስታ ይሆናል። ከሺህ ዓመት በላይ በፊት ቻይናውያኑ ቀማሚዎች ይፈልጉት የነበረው ሕይወት ነበር። ያገኙት ዱቄት ብዙ ሕይወት አጠፋ። በረመዳን ምሽት ግን፣ ለአንድ ቅጽበት ቢሆንም፣ ዱቄቱ ለሕይወት ያገለግላል።

በአገራችን የኢፍጣር ጥሪያችን አዛኑ ነው፤ ይበቃናልም። ማዕዳችንን ስንዘረጋ፣ ቴምሩን ለጎረቤት ስናካፍል፣ ሾርባውንና ሳምቡሳውን በአንድ ሰሐን ስንቋደስ፣ መግሪብን በፍርሃት የሚጠብቁትን በዱዓችን አንርሳ። ከየአፈሙዙ አረሩ ወጥቶ ድምፁ ብቻ እንዲቀር እንለምን። በመጠለያ ያሉትን እንግዶቻችንንም በቻልነው ማዕድ እናስባቸው።

ረመዳን ከሪም! ለመላው የእስልምና እምነት ተከታይ አንባቢዎቻችን መልካም የጾም ጊዜ እንመኛለን።